ሊጡ ኩፍ ሳይል ንገሩን፦ ስለ ምሽት መብራት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በባሕር ዳር ከተማ የኤሌክትሪክ ስርጭቱን ለምትመሩ ክቡራን ኃላፊዎች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ በከፍተኛ ጭነት ሰዓት ሳይነገረን ስለሚጠፋብን መብራት

ክቡራን ሆይ፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታችንን እናቀርባለን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዓባይ ማዶ በኩል ያለ የአንድ ሰፈር የሴቶች እድርን ወክዬ ነው። እድራችን ውስጥ የቤት እመቤት አለች። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አለች። ዓሣ ነጋዴ አለች፣ የመንግሥት ሠራተኛ አለች። አብዛኞቻችን መብራት የምናገኘው ከአንድ ትራንስፎርመር ነው።

ነገሩ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። በቀበሌው በር ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከምሽቱ 12፡30 እስከ 3፡30 ከፍተኛ ጭነት የሚታይበት ሰዓት ስለሆነ ነዋሪው ምጣድና ምድጃ ከመጠቀም ይቆጠብ ይላል። አንብበን አላጉረመረምንም። በወሩ የእድር ስብሰባ አንስተን ተነጋገርንበት። ለቤት የምንጋግረው ረፋድ ላይ፣ ለሽያጭ የሚጋግሩት ደግሞ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ እንዲጥዱ ተስማማን። ረስታ ምሽት ላይ የጣደች ካለች ጎረቤቷ በር አንኳኩታ እንድታስታውሳት ጭምር ተባባልን። እኛ ቃላችንን ጠብቀናል።

በእናንተ በኩል ግን ቃሉ አልተጠበቀም። ምጣድ በተውንበት ምሽት መብራቱ ይጠፋል። ይባስ ብሎ ልንጋግርበት በተስማማንበት ሌሊትም ይጠፋል። መቼ እንደሚሄድ የነገረን የለም። መቼ እንደሚመጣም የሚያውቅ የለም። ስልክ ስንደውል ወይ መስመሩ አይነሳም፣ ወይ “እየተሠራ ነው” ተብሎ ይዘጋል። አንዳንዴ በስልካችን መልእክት ይደርሰናል፤ ግን መብራቱ ከሄደ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ቅሬታችን መብራት ለምን ጠፋ ብለን አይደለም። በዚህ አገር መብራት ሄዶ የማያውቅበት ቤት የለም፤ ለምደነዋል። የከበደን ሳይነገረን መጥፋቱ ነው። ሳይነገር የሚጠፋ መብራት ጭነት አይቀንስም። ያባብሳል። ይህን በስሜት ሳይሆን በስሌት ላስረዳችሁ እፈልጋለሁ። 31 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። እቤቴ ደግሞ ራሴ ጋጋሪ ነኝ።

ከሁሉ በፊት የእናንተን ችግር እንደምንረዳ ይታወቅልን። ኤሌክትሪክ እንደ ጤፍ በጎተራ አይቀመጥም። ሰው በፈለገው ቅጽበት፣ የፈለገውን ያህል መንጭቶ ቤቱ መድረስ አለበት። ምሽት ላይ ሁሉም ቤቱ ይገባል። አምፖል ይበራል፣ ቴሌቪዥን ይከፈታል፣ ወጥ ይሠራል። በዚህ ላይ ምጣድ ሲጨመር ነው ጣጣው የሚመጣው። አሁን በየቤቱ ያለው ኤልኢዲ አምፖል 9 ዋት ገደማ ነው የሚስበው። አንድ የቤት ምጣድ 3,500 ዋት ይስባል። አንድ ምጣድ ተጣደ ማለት ከ380 በላይ አምፖል በአንድ ጊዜ በራ ማለት ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው ምጣድን ነጥሎ መጥራቱ ትክክል ነው። በዚህ አንከራከርም።

አሁን ይህን ቁጥር ወደ ሰፈር እናምጣው። አቅሙ 100 ኪሎ ቮልት አምፒር (በግምት 100,000 ዋት) የሆነ ትራንስፎርመር 28 ምጣድ በአንድ ጊዜ ከተጣደበት ሌላ ምንም ሳይበራ አቅሙ አለቀ። ያውም ጭነቱ በሦስቱ ፌዝ፣ ማለትም ከትራንስፎርመሩ ኃይል ይዘው በሚወጡት ሦስት መስመሮች ላይ እኩል ከተከፋፈለ ነው። በእኛ ሰፈር እኩል እንዳልተከፋፈለ ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። በአንዱ በኩል ያሉ ቤቶች አምፖላቸው ሲደክም፣ ከመንገዱ ማዶ በዚያው ትራንስፎርመር ላይ ያሉት በደህና ያበራሉ። አዲስ ቆጣሪ በገባ ቁጥር የትኛው ፌዝ ላይ እንደታሰረ የሚከታተል ያለ አይመስለንም። ትራንስፎርመሩ ሲተከል ሰፈሩ ግማሹ ባዶ ቦታ ነበር። አሁን በየግቢው ሰርቪስ ቤት ተሠርቶ ተከራይቷል። ባንድ ግቢ አራት አምስት ምጣድ አለ።

ይሁን እንጂ በደህና ጊዜ ይህ ሁሉ ምጣድ በአንድ ጊዜ አይጣድም። አንዷ ሰኞ ጠዋት ትጋግራለች። ሌላዋ ማክሰኞ ከሰዓት። ሦስተኛዋ ቅዳሜን ትጠብቃለች፣ ከሥራ ስለማትወጣ። ማንም ሳያስተባብረን ተፈራርቀን እንጋግራለን። እናንተም ትራንስፎርመር ስትተክሉ የምትተማመኑት በዚህ መፈራረቅ ነው። ለየቤቱ ሙሉ ጭነት እየተሰላ ቢሆን ኖሮ በየመንገዱ አምስት ትራንስፎርመር በተሰቀለ ነበር።

ሳይነገር የሚጠፋ መብራት የሚያፈርሰው ይህን መፈራረቅ ነው።

ከሦስት ሰዓት ጨለማ በኋላ መብራት ሲመጣ ሰፈሩ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ልጆች ሁሉ ባንድ ድምፅ “መጣ!” ብለው ይጮኻሉ። በዚያች ደቂቃ በየቤቱ ምጣድ ይጣዳል። ሰኞ ልትጋግር የነበረችውም፣ ማክሰኞ ልትጋግር የነበረችውም እኩል ትጥዳለች። ለምን? ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ይሄድ ይሆናላ! ፍሪጅ ሁሉ ሞቆ ስለቆየ ሞተሩ እኩል ይነሳል። ያለቀ ባትሪ ሁሉ ቻርጅ ላይ ይሰካል። ትራንስፎርመሩ ከመጥፋቱ በፊት ያልነበረበት ጭነት ይወድቅበታል። ከዚያ ፊውዙ ይበጠሳል። ያ ፊውዝ እስኪቀየር ሌላ ሌሊት እናድራለን። በኅዳር አንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆኗል። ሁለቱንም ጊዜ ፊውዙ የተበጠሰው መብራት በመጣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ነው። በሥራ መዝገባችሁ ላይ ካለ ተመልከቱት።

ሌላው የቮልቴጅ ነገር ነው። አንዳንድ ምሽት መብራቱ አይሄድም፤ ግን ይደክማል። በቤቴ ቮልቴጅ መለኪያ አለኝ። 220 መሆን ሲገባው 170 ሆኖ አይቻለሁ። የምጣድ ጉልበት በቮልቴጁ ስኩዌር ልክ ነው የሚወርደው። በ170 ቮልት 3,500 ዋቱ ምጣድ የሚያገኘው 2,100 ዋት ገደማ ነው። ከባለሙያዎቻችሁ አንዱ “ቮልቴጅ ሲወርድ ጭነትም ስለሚወርድ ጥሩ ነው” ሲል ሰምቻለሁ። ለአምፖል ይሠራ ይሆናል። ለምጣድ አይሠራም። ምጣዱ ይሞቃል እንጂ አይግልም። እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ጥፍጥፍ ሆኖ ይቀራል። በሁለት ደቂቃ ይነሳ የነበረው እንጀራ አራት አምስት ደቂቃ ይቆያል። በአንድ ሰዓት ተኩል የሚያልቀው ሊጥ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ምጣዱ ደግሞ በቆየ ቁጥር ሙቀቱን ወደ አየር ስለሚጥል ለአንድ እንጀራ የሚያልቀው ኃይል ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። እናም 3፡30 ላይ ሊያበቃ የሚችለው የጭነት ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ይጎተታል። እናንተ ጭነት ቀነሰ ትላላችሁ። እኛ ገና ሊጡ አላለቀልንም።

ከዚህ በኋላ ያለው በሴቶቹ ላይ የደረሰው ነው። ሁሉን አልዘረዝርም። ሦስት አራቱን ብቻ ላንሳ።

አንዲት የእድራችን አባል በየቀኑ 200 ያህል እንጀራ ለምግብ ቤቶች ትጋግራለች። ባሏ ካረፈ በኋላ ሦስት ልጆች የምታሳድገው በዚህ ነው። እንጀራ እንዴት እንደሚሠራ ለእናንተ መንገር ላያስፈልግ ይችላል፤ ግን የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ስላለ ልበለው። ሊጥ ለመቡካት ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ከዚያ አብሲት ይጣላል። አብሲት ከተጣለ በኋላ ሊጡ ኩፍ ይላል። ኩፍ ካለ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ መጋገር አለበት። ካለፈ ይኮመጥጣል፤ ይወርዳል። ይህች እናት ማስታወቂያውን አክብራ ከምሽት ወደ ሌሊት ዞረች። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ምጣድ ጣደች። 7፡30 ላይ መብራቱ ሄደ። እስኪነጋ አልመጣም። የቀረው ሊጥ ተደፋ። ጎህ ሲቀድ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ለቃቅማ በጭስ ጥቂት ጋገረች። ለአንዱ ምግብ ቤት ግን አልደረሰም። በሳምንቱ ይኸው ነገር ተደገመ። ምግብ ቤቱ ሌላ ጋጋሪ ያዘ። አልፈርድበትም፤ እሱም ቁርስ የሚጠብቅ ሰው አለበት።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልን የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ለዚች ሴት ከአንድ ቀን በፊት “ነገ ሌሊት ከ7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት መብራት የለም” ብትሏት ኖሮ ምንም አትጎዳም ነበር። አብሲቱን ዘግየት አድርጋ ትጥላለች። ወይም ቀደም ትላለች። ሊጥ ይታዘዛል፤ ግን ከዋዜማው ነው የሚታዘዘው። ሊጡ ኩፍ ካለ በኋላ የሚመጣ ወሬ ምንም አይፈይድም።

ሁለተኛዋ ዓሣ ነጋዴ ናት። ከሐይቁ ዳር በጠዋት ቀረሶና አምባዛ ገዝታ፣ ፊሌቶ አውጥታ በፍሪዘር አስቀምጣ ትሸጣለች። ገበያዋ ረቡዕና ዓርብ ይደምቃል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ዓሣ የሚበላው ሰው ይበዛል። አሁን ጾሙ እየቀረበ ነው። የሷ ጉዳይ ከእንጀራ ጋጋሪዋ ይለያል። ሙሉ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ ከአንድ ቀን በላይ ቅዝቃዜውን ይይዛል። ሦስት ሰዓት ጨለማ ዓሣ አያበላሽም። ቀድሞ ቢነገራት ራሷ ትነቅለው ነበር፤ ይህን በአፏ ነግራኛለች። የጎዳት መብራቱ ሲመጣ ነው። ደክሞ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመጣል። የፍሪዘሩ ሞተር ለመነሳት ሲታገል ተቃጠለ። ለጥገና ያወጣችው ገንዘብ የአንድ ወር ትርፏን በልቷል። አሁን ቮልቴጅ የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ለመግዛት ከእድሩ ተበድራለች።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የእድራችን አባል አይደለም፤ ሰፈራችን ነው። አንድ ምሽት ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ጎደለ። ሞተሩ በሁለት ፌዝ ሊሠራ ሲሞክር ተቃጠለ። አሥር ቀን ያህል እህላችንን በባጃጅ ጭነን ሌላ ሰፈር ስናስፈጭ ቆየን።

በኦክስጅን መሣሪያ የሚተነፍሱ አንድ አዛውንትም አሉ። ልጃቸው መብራት በሄደ ቁጥር ባጃጅ ፍለጋ ሌሊት ይወጣል። ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ወደ ሒሳቡ ልመለስ። የቤት ታሪፍ በእርከን ነው። ትንሽ የተጠቀመ በርካሽ ይከፍላል፤ ብዙ የተጠቀመ በውድ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ ዋጋው ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። እርከኑን አልቃወምም። አቅም የሌለውን ይደግፋል። ግን እርከን ሰዓት አያውቅም። ለሽያጭ የምትጋግር ሴት በቀን አምስት ሰዓት ብትጥድ 17.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ትጠቀማለች። በወር 26 ቀን ብትሠራ 455 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ምጣዱ ብቻውን ወደ ላይኞቹ እርከኖች ያወጣታል። ይህን ሁሉ የምትከፍለው እናንተ ለምናችሁ እንቅልፏን ትታ፣ መስመሩ ባዶ በሆነበት ሰዓት ጋግራ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት የጣደችውም ያንኑ ዋጋ ትከፍላለች። ታዲያ የሌሊቷ ሴት ምን አተረፈች?

እናንተ ግን አትርፋችኋል። ይህም በስሌት ይታያል። በሽቦ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ጅረት በእጥፍ ሲጨምር በሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው ኃይል በአራት እጥፍ ነው የሚጨምረው። ከምሽት ወደ ሌሊት የዞረ እያንዳንዱ ምጣድ ብክነት ይቀንስላችኋል። ትራንስፎርመሩም ዕድሜ ያገኛል። ከዚህ ትርፍ ትንሽ ለጋጋሪዋ ብታካፍሉ ከኪሳችሁ የሚወጣ የለም።

ሌላ አገር ይህን እንዴት እንደሚያደርጉት ሁለት ምሳሌ ብቻ ልጥቀስ። ፈረንሳይ ቴምፖ የሚባል የቤት ታሪፍ አላቸው። ዓመቱ በሦስት ቀለም ይከፈላል። 300 ቀን ሰማያዊ፣ 43 ቀን ነጭ፣ 22 ቀን ቀይ። ሰማያዊው ርካሽ ነው፤ ቀዩ በጣም ውድ። ኃይል የሚጠብበት ቀን ቀይ ይሆናል። የነገው ቀለም ዛሬ ይነገራል። ሰው በዚያ ልክ ይሰናዳል። ኒው ዚላንድ ደግሞ ከብዙ አሥርት ዓመታት ጀምሮ በኤሌክትሪክ መስመሩ ላይ ምልክት እየላኩ በየቤቱ የውኃ ማሞቂያውን ብቻ ለይተው ያጠፋሉ። ቤቱ አይጨልምም። ውኃው ቀድሞ የሞቀ ስለሆነ ባለቤቱ ልብም አይለው። ይህ ቆጣሪና መሣሪያ ይፈልጋል፤ ዛሬ ይደረግልን አንልም። የነገውን ዛሬ መንገር ግን ከአፍ የሚወጣ ቃል ነው የሚፈልገው።

ቃሉን ደግሞ እዚሁ አገራችን ሰምተነው እናውቃለን። በግንቦት 2011 የግድብ ውኃ አንሶ በአገር ደረጃ ፈረቃ ሲወጣ ሰዓቱ ተለይቶ ተነግሮን ነበር። ከባድ ጊዜ ነበር። ቢሆንም አብሲት መቼ እንደምንጥል እናውቅ ነበር። ያኔ የተቻለ አሁን ለምን ያቅታል? ከዚያም በፊት አሮጌውን አምፖል ተቀብላችሁ ኃይል ቆጣቢ የሰጣችሁበት ጊዜ ነበር። ሰው ተሰልፎ ቀየረ። ሕዝቡ ሲነገረው እንደሚተባበር ከዚያ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ስንደውል የሚሰጠን ሌላው መልስ “የኃይል እጥረት ነው” የሚል ነው። ይህን መልስ መቀበል ከብዶናል። ከከተማችን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጢስ ዓባይ አለ። ለኤሌክትሪክ ሲባል ፏፏቴው ቀጥኖ የታየባቸውን ዓመታት የዚህ አገር ሰው ያስታውሳል። የበለስ ኃይል ማመንጫ ከዚሁ ከጣና በዋሻ ውኃ እየወሰደ፣ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ በግንቦት 2002 ተመርቋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ታላቁ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ለግድቡ እኛም ከእድራችን ቦንድ ገዝተናል። ይህን የማነሳው ውኃው የእኛ ነውና ኃይሉ ለእኛ ብቻ ይሁን ለማለት አይደለም። ኃይሉ ወደ አንድ ብሔራዊ መስመር ገብቶ ለአገር እንደሚከፋፈል አውቃለሁ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። በእኛ ሰፈር የጎደለው ኃይል ነው ወይስ ትራንስፎርመር?

መልሱ ብዙ ነገር ይለውጣል። የጎደለው ኃይል ከሆነ ከተማው ሁሉ በተራ ይካፈለው። ተራው ይታወቅ። የትኛው መስመር መቼ እንደጠፋ ተጽፎ ይለጠፍ። አሁን ያለው እንዲያ አይደለም። እኛ በጨለማ ስንቀመጥ ሁለት መንገድ አልፎ ያለው ሰፈር ሌሊቱን ሙሉ ያበራል፤ በማግስቱም ያው ነው። የጎደለው ትራንስፎርመር ከሆነ ደግሞ “የኃይል እጥረት” መባሉ ትክክል አይደለም። ትራንስፎርመር ይቀየራል፣ ጭነት በፌዝ ይከፋፈላል። በማጥፋት የሚድን ትራንስፎርመር የለም፤ ከላይ እንዳልኩት ሳይነገር ማጥፋቱ ራሱ ነው ጭነት የሚከምርበት። ለእኔ የሚመስለኝ ይኼኛው ነው። ተሳስቼ ከሆነ ለክታችሁ አሳዩኝ። በደስታ እቀበላለሁ።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ከሁሉ የሚቀድመው የመብራት ማጥፊያ ሰዓት ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት እንዲነገረን ነው። በስልክ መልእክት ቢሆን ይሻላል። ካልተቻለ በቀበሌው በር ይለጠፍ፤ ከዚያ እድሩ ራሱ በየቤቱ ያዳርሰዋል። ለእያንዳንዱ መንገድ አንድ ተጠሪ መርጠናል። እናንተ አንድ ሰው ደውሉ፤ በግማሽ ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። የተባለው ሰዓት ደግሞ ይጠበቅ። በድንገት መለወጥ ግድ ከሆነ ምክንያቱ ይነገረን። ሌላው ጥያቄያችን ሁሉ ቢዘገይ ይህ እንዲዘገይ አንፈልግም። ገንዘብ አይጠይቅም።

ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ያለው ጊዜ ለጋጋሪዎች ይጠበቅልን። ወደዚያ የላካችሁን እናንተ ናችሁ። የጥገና ሥራ ካለ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ይሁን። ቀን ላይ የምትጥደው ለቤት የምትጋግረው ብቻ ናት፤ ቀድሞ ከተነገራት ቀኑን ትቀይራለች።

ትራንስፎርመሩ ላይ ያለው ጭነት ከምሽቱ 12፡30 እስከ 3፡30 በሦስቱም ፌዝ ይለካ፤ ውጤቱም ይነገረን። የምትለኩት ባለሙያዎች ስትመጡ መሰላል የሚይዝ ጎረምሳ እናዘጋጃለን። ጭነቱ አንድ ፌዝ ላይ ተከማችቶ ከተገኘ ማስተካከሉ የአንድ ቀን ሥራ ነው። አቅሙ ያለፈ ከሆነ ደግሞ ትልቅ ትራንስፎርመር መቼ እንደሚተከልልን በቁርጥ ይነገረን። ወሩን ማወቅ ይበቃናል።

መብራት ከጠፋ በኋላ ሲመለስ ሰፈሩ ሁሉ በአንዴ አይለቀቅ። መንገድ በመንገድ፣ ሩብ ሰዓት እየተራራቀ ይለቀቅ። ይህ በመስመር አከፋፈላችሁ የማይቻል ከሆነ ንገሩን። እኛ በእድሩ በኩል ምጣድ የሚጥድበትን ተራ እናወጣለን፤ መብራት ከመጣ እስከ ግማሽ ሰዓት ማንም እንዳይጥድ እንስማማለን። ይህን ግን የምናደርገው መብራቱ ተመልሶ እንደማይሄድ ካወቅን ነው። የሚሄድ መስሏት የጣደችን ሴት አንቺ ጥፋተኛ ነሽ ማለት አልችልም።

የሌሊት ዋጋ ጉዳይ የእናንተ ብቻ ውሳኔ እንዳልሆነ እንረዳለን። ቢሆንም የምሽትና የሌሊት ሰዓት የሚለይ ቆጣሪና ታሪፍ እንዲታሰብ ጥያቄያችንን ለሚወስነው አካል በጽሑፍ አስተላልፉልን። ፈቃደኛ ጋጋሪዎች አሉን። ሙከራው በእኛ ሰፈር ይጀመር ብትሉ ደስ ይለናል።

በሕክምና መሣሪያ የሚረዱ ሰዎች ያሉባቸው ቤቶች ዝርዝር ይያዝ። መብራት ከመጥፋቱ በፊት ለነሱ በስልክ ይደወል። የሰፈራችንን ዝርዝር ባለቤቶቹን አስፈቅደን በእጅ እናስረክባለን።

በቮልቴጅ መድከምና መናር ለተቃጠሉ ዕቃዎች አቤቱታ የሚቀርብበት አሠራር ካለ ፎርሙ የት እንደሚገኝ፣ በስንት ቀን መቅረብ እንዳለበት ይነገረን። እስካሁን የጠየቁት ሁለት ሴቶች ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ሲመላለሱ ቆይተው ተስፋ ቆርጠው ተመልሰዋል።

ከጥቅምት ጀምሮ መብራት የሄደበትንና የመጣበትን ሰዓት በደብተር እየመዘገብን ነው። የቮልቴጅ ልኬቱም አብሮ አለ። ደብተሩን ለማየት ለሚመጣ ባለሙያ እንሰጣለን። የእድራችን ቤት እሁድ እሁድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው። አንድ ሰው ላኩልን። ቡና እናፈላለን፤ ስሌቱን አብረን እናየዋለን።

ዐቢይ ጾም ሳይገባ መልሳችሁን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር

የሰፈሩ ሴቶች እድር ጸሐፊ
ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ መምህርት
ባሕር ዳር፣ ጥር 2018 ዓ.ም

ግልባጭ፦
ለቀበሌያችን አስተዳደር
ለእድራችን አባላት